ድርቅ፣ የመጀመሪያው ዝናብና ከደን አፈር የሚባክነው ናይትሮጅን

በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ ይመራመር የነበረው ኤች. ኤፍ. በርች በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ደርቆ የከረመ አፈር እንደገና ሲርስ የብስባሹ መፍረስ ባንድ ጊዜ እንደሚፋጠን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዕድናዊ ናይትሮጅንም በብዛት እንደሚለቀቁ አሳየ። ክስተቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ድርቅ በደን አፈር የናይትሮጅን ዑደት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስንመረምር መነሻችን ይህ ግኝት ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በደረቁ ወራት የተጠራቀመው ናይትሮጅን የሚባክነው ዝናቡ ሲጀምር ነውና።

አፈር ሲደርቅ አስቀድመው የሚራቆቱት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው። የቀረው ውኃ በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቆያል፤ እየሳሳ ሲሄድም ይቆራረጣል። አሞኒየምን ወደ ናይትራይት የሚለውጡት እንደ ናይትሮሶስፓይራ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ሽፋን ውስጥ ነው። አሞኒየሙ ጥቂት ማይክሮሜትር ርቆ ተከማችቶ ሳለ ወደ እነርሱ የሚደርስበት መንገድ ይዘጋል። ስታርክና ፋየርስቶን በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ የአፈሩ የውኃ ፖቴንሻል ከ−0.6 ሜጋ ፓስካል በላይ እስከሆነ ድረስ ባክቴሪያዎቹን ይበልጥ የሚገታቸው ይህ የአሞኒየም እጥረት ነው፤ አፈሩ ይበልጥ ደርቆ ከዚያ ሲወርድ ግን የሕዋሱ የራሱ መድረቅ ያይላል። ናይትሬትን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ይህን የሚያደርጉት ኦክስጅን ሲያጥር ስለሆነ፣ አየር በሞላበት ደረቅ አፈር ውስጥ ሥራቸው ይቀዘቅዛል።

ድርቁን የሚቋቋሙ ሕዋሳት ውኃቸውን ለመያዝ ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይንን የመሳሰሉ ናይትሮጅን ያዘሉ ሞለኪውሎችን ያጠራቅማሉ። ዝናብ ሲጥል ውኃ በድንገት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያጠራቀመውን ቶሎ ያላስወጣ ሕዋስ ይፈነዳል። የወጣውም የፈነዳውም ለተረፉት ቀለብ ይሆናል። ትንፈሳቸው በሰዓታት ውስጥ ሲያሻቅብ በእርጥብ ጓል ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ናይትሬትን ወደ ጋዝ የሚለውጡትም ይነቃሉ። ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ የማሞቅ አቅሙ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ይበልጣል። ናይትሬት አሉታዊ ሙል ስላለው ከሸክላ ቅንጣት ጋር አጥብቆ አይያዝም፤ የዛፎቹ ሥሮች ሳያገግሙ ከደረሰ ዶፍ ዝናብ ጠርጎት ይሰርጋል።

በጋና ክረምት በሚፈራረቁበት የኢትዮጵያ ደጋ፣ በጥድ፣ በወይራና በዝግባ ደኖቻችን፣ በበጋው አጋማሽና በክረምቱ አጋማሽ ብቻ ናሙና የሚወስድ ጥናት ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። የባክቴሪያዎቹን ዲኤንኤ መቁጠርም ብቻውን አይበቃም፤ የሞተ ሕዋስ ዲኤንኤ በደረቅ አፈር ውስጥ ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላልና። መለኪያው ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ተተክሎ፣ ጋዙንም ናይትሬቱንም በየሰዓቱ መከታተል አለበት።