የኳስ ተጫዋች ክብርና ዋጋ

ሰውን በቆዳው መልክ የሚመዝን ሰው ክብሩን ይነሣዋል፤ ጉልበቱን ግን ይፈልገዋል። ይህም ነገር በ1954 ዓ.ም. በሁለት አገር በሁለት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ታይቷል፤ እነርሱም አሜሪካዊው ቢል ራስልና የአስመራው ተወላጅ ሉቻኖ ቫሳሎ ናቸው። ሁለቱም የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፈዋል።

ራስል በቦስተን ከተማ ሴልቲክስ ለሚባለው ቡድን ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። በ1954 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ቡድኑ ለግጥሚያ ወደ ሌክሲንግተን ከተማ በሄደ ጊዜ፥ ያረፉበት ሆቴል ለጥቁሮቹ ጓደኞቹ ምግብ አላቀርብም አለ። ስለዚህ ራስልና የሁለቱም ቡድን ጥቁሮች ተጫዋቾች አንጫወትም አሉ። ግጥሚያው ግን አልቀረም፤ ነጮቹ ብቻቸውን ተጫወቱ። ራስል ደግሞ የቡድን ባለቤቶች የሚቀጥሯቸውን ጥቁሮች ቍጥር በስውር ወስነዋል ሲል ከሷል። በፈረንጆች 1965 ደመወዙ 100,001 ዶላር ደረሰ፤ ይኸውም ባላንጣው ቻምበርሊን ከሚቀበለው በአንድ ዶላር የሚበልጥ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ ቤቱን አልጠበቀለትም፤ በሬዲንግ ከተማ ሰዎች ሰብረው ገብተው ንብረቱን አጠፉ፥ በግድግዳውም ላይ የዘር ስድብ ጻፉ።

ቫሳሎ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። አምስት ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ፥ ኢጣልያዊ አባት ከአገሩ ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው እንዳይል ከለከለ። እንዲህ ያለው ልጅ ለነጮቹ ጥቁር፥ ለአገሩ ሰዎች የባዕድ ዘር ሆኖ ይታይ ነበር። ኳስ የጀመረውም እንደ እርሱ ክልስ የሆኑ ልጆች በተሰበሰቡበት ስቴላ አስማሪና በሚባል ቡድን ነው። በኋላም ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ለኮተን ተጫወተ፥ የኢትዮጵያም ቡድን አምበል ሆነ።

በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ በኳስ ሜዳ ስለ ዘር ልዩነት ያላት አቋም የታወቀ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፥ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ ብትል፥ ኢትዮጵያ፥ ግብፅና ሱዳን አልተቀበሏትም። ከዚህ በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከግቦቹ አንዱን ሉቻኖ፥ አንዱን ወንድሙ ኢታሎ አገቡ። አባቱ ልጄ እንዳይለው ሕግ የከለከለው ያ ሰው የአፍሪካን ዋንጫ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ሆኖም ክብር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገሩን ለቆ ወደ ኢጣልያ ተሰደደ፥ በዚያም መኪና እየጠገነ ኖረ። የጻፈው መጽሐፍ ስሙ ሲተረጐም «እማማ፥ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ማለት ነው። ሰሙ ገንዘብ ነው፥ ወርቁ ግን እናት ናት፤ የዋንጫ ወሬ ሳይሆን ያሳደገችውን እናት ማሰብ በርእሱ ቀደመ።

ራስል በሐምሌ 2014 ዓ.ም.፥ ቫሳሎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። አንዱ ገንዘብ አግኝቶ ክብር ተነፈገ፤ ሌላው ክብር አግኝቶ በስደት ኖረ። እንግዲህ ለተጫዋቹ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ጎረቤቱ አድርጎ ሊቀበለው ይገባል፤ ያለዚያ ጭብጨባው ለጉልበቱ የተከፈለ ዋጋ እንጂ ለሰውነቱ የተሰጠ ክብር አይባልም።