የሶፍትዌር ስህተትን በጨዋታ ማጣራት

አንድ ሶፍትዌር ከስህተት ነፃ መሆኑን በሒሳባዊ ማስረጃ ማረጋገጥ ብዙ ጊዜ የሚወስድና ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚችሉት ሥራ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ዳርፓ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 "ቬሪጌምስ" በሚል ስያሜ አምስት ጨዋታዎችን አቅርቦ ሥራውን ለሕዝብ አካፍሏል።

ቀደም ሲል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተነደፈው "ፓይፕ ጃም" የፕሮግራሙ ተለዋዋጮች በቧንቧ፣ እሴቶቻቸው በኳስ ተመስለዋል። ተጫዋቹ ቧንቧዎችን እያሰፋና እያጠበበ ትልልቆቹን ኳሶች ያሳልፋል፤ የፕሮግራም አጻጻፍ ዕውቀት አይጠየቅም። ሁሉም ካለፉ ፕሮግራሙ ከተፈለገው የስህተት ዓይነት ነፃ መሆኑ ይረጋገጣል።

ስፋታቸው የማይለወጥ ቧንቧዎች ስላሉ ግን አንዳንዱ ደረጃ ከቶ አይፈታም። ተጫዋቹ ነጥብ ከስሮ ኳሱን በግድ ያሳለፈበት ሥፍራ ባለሙያው ሊመረምረው የሚገባው የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ለነዳፊዎች ከባዱ ፈተናም፣ መፍትሔ ላይኖረው የሚችልን እንቆቅልሽ ሳያሰለች ማቅረብ ይመስላል።