ጥርስ ያለው እንጨት፦ በአዳሚ ቱሉና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የገበሬ ቤት መሣሪያ ታሪክ

የአንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ሲከበር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የተሰበሰበው ምርት በኩንታል፣ የተገኘው ትርፍ በብር፣ የተሠራው መጋዘን በቁጥር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የገበሬው ድካም የሚቀንሰው ወይም ባለበት የሚቆየው በማሳው ላይ ብቻ ሳይሆን በጓዳውና በጓሮው ባለው መሣሪያም ጭምር ነው። ስለሆነም የቤት መሣሪያ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ተለምዶ እንደቀረና የትኛው ደግሞ ዝጎ እንደተጣለ መመርመር ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል።

አዳሚ ቱሉ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ከባቱ (ከቀድሞዋ ዝዋይ) ከተማ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ስያሜዋ የኦሮምኛ ሲሆን አዳሚ ቁልቋል፣ ቱሉ ደግሞ ኮረብታ ማለት ነው። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ በዚሁ አካባቢ አልፎ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይፈሳል። ዝናቡ አነስተኛና የማይታመን፣ ሙቀቱና ነፋሱ ብርቱ፣ ዋናው እህሉ በቆሎ፣ በመስኖ የሚለማው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። በዚህ ምድር የሚኖር ቤተሰብ በየዕለቱ ሦስት ከባድ ሥራዎች ይጠብቁታል፤ እህል መፍጨት፣ ውኃ ማውጣትና ዕቃ ማጓጓዝ።

እየተገፋ የሚሠራ እንጂ የማይዞር መሣሪያ

የጥንቱን የገበሬ ቤት ዕቃ አንድ በአንድ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ወፍጮው ተዳፋት የሆነ ትልቅ ድንጋይ ሲሆን መጁ በሁለት እጅ ተይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ሙቀጫና ዘነዘና ወደላይና ወደታች ይሠራሉ። ጥጥ ሲዳመጥም የብረት ዘንግ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይንከባለልና ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያም በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በእውነት የሚዞረው እንዝርት ብቻ ነው፤ እሱም የሚሽከረከረው በሴቲቱ ጣትና ጭን እንጂ በሌላ መንኮራኩር አይደለም።

የዚህ ሁሉ ሸክም የወደቀው በሴቶች ላይ ነበር። ለአንድ ቀን እንጀራ ወይም ቂጣ የሚሆነውን ዱቄት ለማግኘት ሌሊት ተነሥቶ፣ በመጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሰዓታት መግፋት ግድ ነበር። የእጅ መላጥ፣ የወገብና የትከሻ ሕመም ከዚህ ሥራ የማይለዩ ነበሩ።

ሽመናም እንዲሁ በእጅና በእግር ኃይል የቆመ ሙያ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የኖሩት የዛይ ሕዝብ ከዓሣ ማስገርና ከእርሻ ጎን ለጎን በሽመና ይታወቃሉ። የፋብሪካ ክር ወደ ገበያ ከገባ በኋላ በሀገሪቱ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ግን በእጅ ከተፈተለ ጥጥ መሥራትን ለመዱ። በአንዳንድ ሸማኔ ቤትም አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ በእጅ እየተዘወረ ክር ሲያደውር ይታያል። ትልቁ ቸርኬ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹን ቀሰም ብዙ ጊዜ ያዞረዋል። የጥርሳም መንኮራኩር ምሥጢርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የእንጨት ጥርስ እንዴት ይሠራል?

በሌላው ዓለም ይህ ምሥጢር በብረት ሳይሆን በእንጨት ነበር የተጀመረው። የሮማው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ ጥርስ ባላቸው መንኮራኩሮች የሚሠራ የውኃ ወፍጮን ገልጿል። በግብፅና በሱዳን የዓባይ ዳርቻ ገበሬዎች ሳቂያ በሚባል መሣሪያ ውኃ ያወጡ ነበር፤ በሬ ጠፍጣፋውን የእንጨት መንኮራኩር እየዞረ ሲያዞረው ጥርሶቹ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሌላ መንኮራኩር ይገፉታል፤ በዚያ ላይ የታሰሩት እንስራዎችም ውኃውን ይቀዳሉ። በህንድ ደግሞ ጥጥ መዳመጫው ሁለት የእንጨት መዳመጫ ዘንጎች ነበሩት። አንዱ በእጅ ሲዘወር ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተቀረጸው እንጨት ሌላውን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞረዋል፤ ጥጡ በመካከላቸው ያልፋል፣ ፍሬው ግን ማለፍ ስለማይችል ወደኋላ ይቀራል። ይህ መሣሪያ በቤት ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ሰው የሚሠራ ነበር።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ትልቁ መንኮራኩር 60 ጥርስ፣ ትንሹ 12 ቢኖረው ትልቁ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ አምስት ጊዜ ይዞራል። በፍጥነት የተገኘው ግን በጉልበት ይከፈላል፤ የፈጠነው በዚያው መጠን ጉልበት ያንሰዋል። ጠቢባኑ ጥርሶቹን ከመንኮራኩሩ ጋር አንድ ወጥ አድርገው አይቀርጿቸውም ነበር። ከአንድ ሳንቃ የተቀረጸ ጥርስ በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃልና ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥርስ ከጠንካራ እንጨት ለብቻው ጠርበው፣ ሥሩ ከመሐል ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው፣ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ በሽብልቅ ያጠብቁታል። ጥርስ ሲሰበር ያ አንዱ ብቻ ተነቅሎ ይለወጣል። አንዳንዶቹም በ60 ፈንታ 61 ጥርስ ያደርጋሉ፤ ያኔ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥርሶች ስለማይገናኙ ሁሉም እኩል ይበላሉ። ማለስለሻው ሞራ ነበር።

እንጨት አልጠፋም፣ እጅም አልጠፋም

ታዲያ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ለምን አልተለመደም? እንጨት ስለጠፋ ነው እንዳይባል፣ ለጥርስ የሚሆን ጠንካራ ወይራና በደና፣ ለመንኮራኩሩ አካል የሚሆን ለስላሳ ዋንዛ በሀገሩ ነበሩ። ሙያ ስለጠፋ ነው እንዳይባል፣ ገበሬው ራሱ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ እርፉንና ድግሩን ጠርቦ ያበጅ ነበር። የሞፈሩ ርዝመትና የድግሩ አቀማመጥ ጥቂት ቢዛነፍ በሬዎቹ ይደክማሉ፣ ማረሻውም መሬት አይዝም። ይህን ማመጣጠን የሚያውቅ እጅ ጥርስ መቅረጽ አያቅተውም ነበር።

ከምክንያቶቹ አንዱና ዋነኛው የእጅ ሙያተኛው የተናቀ መሆኑ ነው። ማረሻውንና ወገሉን የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ በአማራው ዘንድ ጠይብ፣ በኦሮሞው ዘንድ ቱምቱ እየተባለ ከኅብረተሰቡ ተገልሎ ይኖር ነበር። ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ አላመለጡም። ብዙዎቹ የእርሻ መሬት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር መጋባትም አይፈቀድላቸውም ነበር። ገበሬው ያለ እነሱ ማረስ ባይችልም ልጁ የእነሱን ሙያ እንዲማር አይፈልግም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ እንዲህ ያለው ስድብ ሙያን እንደሚያጠፋና ሀገርን ባዶ እንደሚያስቀርም አስጠንቅቀዋል። ሆኖም አዋጁ የሕዝቡን አስተሳሰብ በአንድ ጊዜ ሊለውጠው አልቻለም። የሚፈለፍለውና የሚጠርበው፣ የሚያቀልጠውና የሚቀጠቅጠው በአንድ ደጅ ተቀምጠው ካልተመካከሩ አዲስ መሣሪያ ሊወለድ አይችልምና ጉዳቱ ለሁሉም ተረፈ።

የሞተር ወፍጮ መምጣት

የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማና ሞጆ የመስመሩ ከተሞች ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የሞተር ወፍጮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተስፋፋ ሄደ። በመጅ የሰዓታት ሥራ የነበረው በደቂቃዎች አለቀ። በምትኩ ግን ሌላ ድካም መጣ፤ እህል ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ወረፋ መጠበቅና የወፍጮ ዋጋ መክፈል።

ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት፣ ቀጥሎም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲቋቋሙ ብዙዎቹ ቀድመው ከገዟቸው ንብረቶች አንዱ ወፍጮ ነበር። ለብዙ የገጠር ሴቶች የማኅበር ትርጉም የገባቸውም ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወፍጮው ሲበላሽ መለዋወጫውም መካኒኩም የሚገኘው ከተማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ደግሞ በሀገሪቱ ብዙ ሥፍራ የማኅበራት ንብረት ተዘረፈ፣ ወፍጮዎችም ዝም አሉ፤ ሴቶቹም ወደ መጁ ተመለሱ። በኋላ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በአባላት ፈቃደኝነትና በአባላት ባለቤትነት ላይ እንዲቆሙ መሠረት ጣለ።

ከሞፈሩ ጋር የተስማማው ማረሻ

በአካባቢው የተሻሻለ መሣሪያ ለማስገባት የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የእርሻ መሣሪያዎችን የሚሞክርና የሚያሻሽል ክፍል ነበረው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የመልካሳ ምርምር ማዕከልም በ1970ዎቹ ማብቂያ የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ። በኋላም የአዳሚ ቱሉ ግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ለሚኖሩ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ቅርብ ሆኖ ሠርቷል።

ከእነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ዋናው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ማረሻ አፈሩን መገልበጡ መልካም ቢሆንም ከበደ፣ ዋጋውም ተወደደ፤ ሲሰበርም የሚጠግነው ጠፋ። የመልካሳ ተመራማሪዎች በኋላ የተለየ መንገድ ያዙ። አፈር የሚገለብጠውን ብረት ገበሬው ራሱ በጠረበው ሞፈርና እርፍ ላይ የሚገጠም አድርገው ሠሩት። ገበሬው የሚያውቀው እንጨት ቀረለት፤ አዲስ የሆነው ብረቱ ብቻ ነው።

ውኃና ጋሪ

በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ቅርብ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በሀገሪቱ የተስፋፋው የገመድ ፓምፕ የሚሠራው በገመድ ላይ የተደረደሩ የጎማ ቁራጮች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲያልፉ ውኃውን እየገፉ በማውጣት ነው። የሚያንቀሳቅሰው እጀታ ያለው መዘውር ሲሆን ገመዱን የሚይዘው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ነው። ገመዱ ቢበጠስ ገበሬው ይቀጥለዋል፤ ጎማው ቢያልቅ ከሌላ አሮጌ ጎማ ይቆርጣል።

የመቂና የባቱ የአህያ ጋሪም እንዲሁ ነው። አካሉ እንጨት፣ ጎማውና አክሱ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የተወሰደ ነው። ውኃ በበርሜል፣ ሽንኩርትና በቆሎ በኬሻ ያመላልሳል። በእንስራ ከጀርባ ይወርድ የነበረው ሸክም በከፊል በጋሪው ላይ የወደቀው በከተማ አናጢና በበያጅ እጅ ነው። የቀድሞው የተናቀ ሙያ ዛሬ ወጣቶች የሚማሩት ሆኗል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረ ሥራ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። መሣሪያ በገበሬ ቤት የሚኖረው ጥበቡ ስለረቀቀ አይደለም፤ የሚጠግነው ሰው በእግር በሚደረስበት ርቀት ሲኖር ነው። የእንጨት ጥርስ በሌሎች ሀገሮች ለመቶ ዓመታት የኖረው ስለማይሰበር ሳይሆን ሲሰበር በመንደሩ አናጢ ስለሚተካ ነው። ገበሬው የጠረበው ሞፈር ትውልድ ሲሻገር ከሩቅ የመጣው ማሽን ግን በአንድ ብሎን ምክንያት የዶሮ ማደሪያ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማኅበራት መሣሪያ ሲገዙ ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቁ የሚገባው፣ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? የሚለውን ነው። ከአባላት ልጆች መካከል ጥቂቶቹን አናጢነት፣ ብየዳና የሞተር ጥገና ማስተማር፣ ለቀጥቃጩና ለአናጢው እንደ ማንኛውም አባል መብት መስጠት፣ ወፍጮና ፓምፕ ሲገዛም ለዕድሳት የሚሆን ገንዘብ አብሮ መመደብ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። ምኒልክ በአዋጅ ሊያቆሙት የሞከሩትን ንቀት ማኅበራት በተግባር ሊያከትሙት ይችላሉ። የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሲከበርም ከኩንታሉና ከብሩ ጎን ስንት ወፍጮ ሳይቆም እንደሠራ፣ ስንት ሴትም ከመጁ እንዳረፈች ሊቆጠር ይገባል።