በሁለት ዜግነት መካከል የቀረ ልጅ፦ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት ታሪክ አንድ ገጽ

በጠላትነት በተዘጋ ድንበር ማዶ ስለቀረ ሕፃን አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው ካሜራውን በመጀመሪያ የሚያዞረው ወደ ምሽጉ፣ ወደ ፈንጂው ወይም ወደ መረብ ወንዝ ይሆናል። እኛ ግን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተካሄደው ጦርነት ከወላጁ የተለየውን ልጅ ማዶ ያስቀረው ከወንዙ ይልቅ ወረቀት ነበር እንላለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ1930 የወጣውና እስከ 2003 የሠራው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ያደርገው ነበር። በ1992 የወጣው የኤርትራ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 21 ደግሞ ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን ኤርትራዊ ይለዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከኤርትራዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ በየሕጎቹ መሠረት የሁለቱም አገሮች ልጅ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ይህ ማንንም አላስጨነቀም። በ1993ቱ ሬፈረንደም በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያን እዚያው ሆነው ድምፅ ሲሰጡ መንግሥት አልከለከላቸውም፤ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ግን ያው ድምፅ የባዕድነታቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው።

በሜይ 1998 ባድመ ላይ ግጭቱ እንደ ተጫረ፣ ከጁን ጀምሮ ኢትዮጵያ የኤርትራ ተወላጆችን ማባረር ያዘች። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ቁጥራቸውን ወደ 75,000 ይገምተዋል። ከኤርትራ በኩልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ገሚሶቹ ተገደው፣ ገሚሶቹ ኑሮው ከፍቶባቸው ተመለሱ። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው አባት ነበር፤ ሚስትና ልጆች ወይ በኋላ ይከተላሉ ወይ እዚያው ይቀራሉ። ስልኩ፣ ፖስታው፣ የአየሩና የየብሱ መንገድ ሁሉ ተቋረጠ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አጫጭር የቤተሰብ መልእክቶችን ያመላልስ፣ ሰዎችንም ያሻግር ነበር። ሁለቱም መንግሥታት የሕፃናትን መብቶች ስምምነት ከጦርነቱ በፊት፣ ኢትዮጵያ በ1991፣ ኤርትራ በ1994 ተቀብለውት እንደ ነበር ልብ ይሏል። የስምምነቱ አንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

በሕግ የተጻፈውን ግንኙነት በተግባር ያቆየው ስደተኛው ነበር። ከኦክላንድ መሐል ከተማ እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የሚዘልቀው ቴሌግራፍ አቬኑ ስሙን ያገኘው በ1850ዎቹ መጨረሻ ከተዘረጋ የቴሌግራፍ መስመር ነው። በዚህ ጎዳና የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖረዋል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ አስመራ መደወል በማይቻልበት ዘመን፣ ቃሉ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ በኩል ዞሮ ይደርስ ነበር፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ አያትየው ታመሙ፣ አባትየው በሕይወት አሉ። እኛ እንደምናስታውሰው፣ በጦርነቱ ምክንያት ሰላምታ የተቋረጡ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለውን መልእክት አልመለሱም።

ከአልጀርሱ የዲሴምበር 2000 ስምምነት በኋላ በዘ ሄግ የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን፣ በዲሴምበር 2004 ሁለቱም መንግሥታት በሲቪሎች ላይ ለደረሰው በደል በየበኩላቸው ተጠያቂ መሆናቸውን ወሰነ። በኦገስት 2009ም ለኢትዮጵያ ወደ 174፣ ለኤርትራ ወደ 163.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ፍርዱ ታላቅ ሰነድ ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት የግለሰቦች አቤቱታ በቀር ተከራካሪዎቹ መንግሥታት ነበሩ። አባቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ያጣው ዘመን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም።

በጁላይ 2018 ስልኩም በረራውም ሲከፈት፣ ሕፃን ሳሉ የተለዩ ልጆች ጎልማሳ ሆነው ከወላጆቻቸው ጋር በአስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ተላቀሱ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የተከፈተው የዛላምበሳ በር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። ሁለቱ ዋና ከተሞች ዳግም ሲቃቃሩ መጀመሪያ የሚቋረጠው ያው የቤተሰብ መገናኛ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለሆነም ፊልም ሠሪውን የምንመክረው፣ ከወንዙ ዳር ይልቅ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲጀምር ነው፤ የልጁ መታወቂያ የተጠየቀበትንና አባቱ የተጠራበትን ጠረጴዛ ያሳየን። የታሪክ ተመራማሪዎች ግዴታ ደግሞ፣ ልጆቹ አሁን ጎልማሶች ሆነው፣ ወላጆቻቸው አርጅተው ሳለ፣ በሁለቱም ወገን ያለውን ምስክርነት በሁለቱም ቋንቋ መመዝገብ ነው። መንግሥታቱ የየራሳቸውን መዝገብ ይዘዋል። የልጁ መዝገብ ግን እስካሁን ያለው በእናቱና በአባቱ ትዝታ ነው፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።