ተጓዳኝ ውሃ፦ ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ጨው

ነዳጅ መሬት አበላሸ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጥቁር ዘይት ነው። ለአፈር ግን ብዙ ጊዜ የሚከፋው መልኩ ውሃ የሚመስለው ነው። ድፍድፍ ዘይትም ሆነ ጋዝ ከከርሰ ምድር ብቻውን አይወጣም፤ በዓለቱ ውስጥ አብሮት የኖረ ጨዋማ ውሃ ተከትሎት ይመጣል። ፈረንጆቹ «ፕሮዲውስድ ዋተር» ይሉታል። ቃል በቃል «የተመረተ ውሃ» ብንለው አንባቢው በፋብሪካ የታሸገ ውሃ ይመስለዋል፤ «አብሮ ወጪ» ካልነው ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄድብናል። እኔ «ተጓዳኝ ውሃ»ን መርጫለሁ። ሐኪሞች «ተጓዳኝ በሽታ» ሲሉ ለምደነዋልና፣ ሳይፈለግ ከዋናው ጋር የመጣ መሆኑ ወዲያው ይገባል።

ጉድጓዱ ባረጀ ቁጥር ዘይቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ይበዛል። ከአንድ በርሜል ዘይት ጋር ሦስትና ከዚያ በላይ በርሜል ውሃ የሚወጣባቸው መስኮች ብዙ ናቸው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ባከን ከተባለው መስክ የሚወጣው ከዚህ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው። ራዲየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም አይጠፋውም።

ይህ ውሃ እርሻ ላይ ሲፈስ ሰብሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል፤ ጨው የበዛበትን ውሃ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ዘላቂው ጉዳት ግን ሸክላው ላይ ነው። የሸክላ ቅንጣቶችን አያይዞ የሚያኖራቸው በአብዛኛው ካልሲየም ነው። ሶዲየም በብዛት ሲመጣ ካልሲየሙን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ጨው እስከበዛ ድረስ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይቆያሉ፤ ዝናብ ጨዉን ሲያጥበው ግን ይበታተኑና የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ አይሰርግም፣ ሲደርቅም ላዩ ይጠጥራል። ስለዚህ መሬቱን በንጹህ ውሃ ብቻ ማጠብ ነገሩን ያባብሳል። አስቀድሞ ጂፕሰም በትኖ ካልሲየሙን መመለስ፣ ቀጥሎ ማጠብ፣ የታጠበው ጨው የሚወርድበትን ቦይም ማበጀት ያስፈልጋል። ድፍድፍ ዘይትን ባክቴሪያ በጊዜ ብዛት ይበላዋል፤ ጨውን የሚበላ የለም።

በአዋሽ ሸለቆ የአሚባራ አርሶ አደሮች የዚህን ዘመድ ያውቁታል፤ እዚያ ግን መሬቱን ጨው ያስበላው መስኖና የውሃ መውረጃ ጉድለት እንጂ ነዳጅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ኦገስት እስከ 2015 ጃንዋሪ፣ በሰሜን ዳኮታ ዊሊስተን አቅራቢያ ተጓዳኝ ውሃ የሚያጓጉዝ ቧንቧ ተቀዶ አምስት ወር ገደማ ፈሰሰ። የፈሰሰው 700,000 በርሜል፣ ማለትም 110 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነበር። መሬቱን፣ የከርሰ ምድር ውሃውንና ወደ ሚዙሪ ወንዝ የሚገቡ ጅረቶችን በከለ። የቧንቧው ባለቤት ሰሚት ሚድስትሪም የተባለው ኩባንያ በ2021 ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጣ። የፈሰሰው ጥቁር ዘይት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆይ አይመስለኝም።

ደንበኛው አሠራር ውሃውን መልሶ ወደ ጥልቅ ዓለት ማስገባት ነው። ወጪ አለው። በኢኳዶር አማዞን የነዳጅ ኩባንያው ቴክሳኮ ግን ውሃውን ለዓመታት ወደ ጅረቶችና ሽፋን ወደሌላቸው ጉድጓዶች ለቆታል። በእኛው ኦጋዴን ያሉትን ካሉብና ሂላላን የመሰሉ የጋዝ መስኮችም ከዚህ ውሃ ነጻ አይደሉም። የነዳጅ መስክ ውል የሚያነብ ሰው «ተጓዳኝ ውሃው የት ይገባል?» ለሚለው መልስ የሚሰጠውን አንቀጽ ቢፈልግ ቃሉ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።