የታክሲ የነዳጅ ፍጆታና የኪሎ ሜትር ወጪ፦ ለታሪፍና ለድጎማ ውሳኔ መነሻ የሚሆኑ ነጥቦች

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን ካቆመ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀምበት የተጣራ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ነው። በመሆኑም የዓለም ገበያ ዋጋም ሆነ የብር የምንዛሪ ተመን ሲለወጥ ለውጡ ውሎ አድሮ ከማደያ ይደርሳል። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ በሰኔ 2014 ዓ.ም መጨረሻ በወጣው ተመን 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በወጣው ተመን ደግሞ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኗል። ዋጋው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው።

የታክሲ ታሪፍ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ጎልቶ የሚታየው ይኸው የማደያ ዋጋ ነው። ይሁንና የሊትር ዋጋ የወጪው አንድ ገጽታ ብቻ ነው። ተሽከርካሪው አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጀው የነዳጅ መጠን፣ በዚያች ኪሎ ሜትር የተሳፈረው ሰው ብዛትና ወጪውን የሚሸፍነው ወገን ማንነት ካልታወቁ፣ በዋጋ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚወሰን ታሪፍም ሆነ ድጎማ የታለመለትን ተሳፋሪ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ወጪው ከምን ከምን ይገነባል

የታክሲ ወጪ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ተሽከርካሪው ሠራም ቆመም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ ነው። የመድን አረቦን፣ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና ቦሎ፣ ግብር፣ የብድር ክፍያ እንዲሁም ተሽከርካሪው በእርጅና የሚያጣው ዋጋ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሁለተኛው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ልክ የሚጨምረው ተለዋዋጭ ወጪ ሲሆን፣ ነዳጅ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ይህ ልዩነት ለውሳኔ ሰጪ አካል ትርጉም አለው። ቋሚው ወጪ ለብዙ ምልልስ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። ታክሲው በማደያ ሰልፍ ግማሽ ቀን ሲውል ግን ብዙ ነዳጅ ባይፈጅም ቋሚው ወጪ በቀሩት ጥቂት ምልልሶች ላይ ይከመራል። ስለሆነም የነዳጅ አቅርቦት መቆራረጥ ከዋጋ ጭማሪ ባልተናነሰ የኪሎ ሜትር ወጪን ያንራል።

ፍጆታ እንዴት ይለካል

የነዳጅ ፍጆታ በአብዛኛው የሚገለጸው ለ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በሚያስፈልገው ሊትር ነው። ለመለካት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። የነዳጅ ሰልባትዮው እስከ አፉ ተሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመዘገባል፤ ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ እንደገና እስከ አፉ ይሞላል፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከሉ ለተጓዘው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ልኬታው በተመሳሳይ ማደያና በተመሳሳይ መስመር ሦስትና አራት ጊዜ ቢደገም ውጤቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

በሥራ ላይ ያለው ልማድ ግን ለዚህ አያመችም። ብዙ አሽከርካሪዎች የሚቀዱት በሊትር ሳይሆን በብር ነው፤ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ የተወሰነ ብር ነዳጅ ያስገባሉ። በዚህ አሠራር የሞተር ብልሽት ያመጣው የሊትር ጭማሪ ከዋጋ ጭማሪው ጋር ተቀላቅሎ ይሰወራል። ወጪው የጨመረው ነዳጁ ስለተወደደ ነው ወይስ መኪናው አብዝቶ ስለጠጣ የሚለውን ለመለየት ሊትርና ኪሎ ሜትርን መዝግቦ መያዝ ግድ ይላል።

የአዲስ አበባ መልክዓ ምድርና የትራፊክ መጨናነቅ

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለረጅም ዓመታት የከተማዋን ሕዝብ ሲያጓጉዙ የኖሩት ቱርቦ የሌላቸው የናፍጣ ሚኒባሶች ፓምፓቸው ለዝቅተኛ ሥፍራ እንደተስተካከለ ከቀረ፣ ወይም ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ የሚረጨው ናፍጣ ከፍ ከተደረገ፣ የሚገባው ነዳጅ የሚያቃጥለው በቂ አየር አያገኝም። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የቀረ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ነዳጅ ነው። ካርቡሬተር ያላቸው እንደ ላዳ ያሉ የቤንዚን ታክሲዎችም ለከፍታው ካልተስተካከሉ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛ ተመሳሳይ ብክነት ይደርስባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ዳገት ነው። ከተማዋ ከአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 2.6 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 400 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ በሜዳ ለመጓዝ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ፣ 1 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈጃል። ተሽከርካሪው ቁልቁል ሲወርድ ይህ ኃይል ተመልሶ አይገኝም፤ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለሆነም እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች እኩል ወጪ የላቸውም።

ሦስተኛው መጨናነቅ ነው። የናፍጣ ሚኒባስ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይፈጃል። በመገናኛ፣ በሜክሲኮ ወይም በመርካቶ በቀን ሁለት ሰዓት በዚህ ሁኔታ የቆመ ታክሲ አንድም ሜትር ሳይጓዝ እስከ 2 ሊትር ያቃጥላል። ደጋግሞ መቆምና መነሣትም ፍጆታውን ያብሳል፤ ፍሪሲዮንንና ፍሬንንም ይጨርሳል።

ነዳጁን የሚከፍለውና ጥገናውን የሚከፍለው

በአዲስ አበባ በሰፊው በሚሠራበት ልማድ መሠረት አሽከርካሪው ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ነዳጁን፣ የረዳቱን ድርሻና ለተራ አስከባሪ የሚከፈለውን ከዕለቱ ገንዘብ ይሸፍናል፤ የሚተርፈው የእርሱ ነው። መድንን፣ ጎማንና ከባድ ጥገናን የሚችለው ግን ባለንብረቱ ነው።

ይህ የሥራ ክፍፍል ጉልህ ክፍተት አለው። ፓምፑና ኢንጄክተሩ ሲያረጁ ጉዳቱ የሚያርፈው ነዳጅ በሚቀዳው አሽከርካሪ ላይ ሲሆን፣ ማስተካከያውን የሚከፍለው ባለንብረት ግን የተቆረጠው ገቢ እስከገባለት ድረስ አይጎዳም። አሽከርካሪውም ነገ ሊለቅቀው በሚችለው ተሽከርካሪ ላይ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሚጠግንበት ምክንያት አይኖረውም። በመሆኑም ሁሉም የሚያውቀው ብክነት ለወራት ሳይታረም ይቆያል።

የብክነቱን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሠራ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ሚኒባስ ቢወሰድ የቀን ፍጆታው 14.4 ሊትር ነው። ድጎማ ሳይታሰብ በሰኔ 2014 ዓ.ም ተመን ይህ 706 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ተመን 1,425 ብር ገደማ ነው። በጥገና ጉድለት ፍጆታው ወደ 14 ሊትር ከፍ ቢል በቀን 2.4 ሊትር ይጨምራል። ይህም በኋለኛው ተመን በ26 የሥራ ቀናት ከ6,100 ብር በላይ ነው። አሽከርካሪው ይህን ገንዘብ ከየትም አያመጣውም፤ ከትርፍ ጭነት፣ ከፍጥነት ወይም ከተሳፋሪው ኪስ ያወጣዋል።

የተሳፋሪ ብዛትና መስመር ማቆራረጥ

በዚሁ ምሳሌ የአንድ ኪሎ ሜትር የነዳጅ ወጪ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ተመን 11 ብር ከ88 ሳንቲም ነው። ሚኒባሱ 12 ሰው ከጫነ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በኪሎ ሜትር 1 ብር ገደማ ይደርሳል፤ 6 ሰው ብቻ ከጫነ 2 ብር ገደማ ይሆናል። በጠዋት ከከተማዋ ዳርቻ ሞልቶ የሚገባ ታክሲ ባዶውን ወይም በግማሽ ጭነት የሚመለስ ከሆነ ሙሉ የሆነው ጉዞ የባዶውንም ወጪ መሸከም ይኖርበታል።

መስመር የማቆራረጥ ችግርም ከዚህ ስሌት የተለየ አይደለም። ታሪፍ በርቀት እርከን የሚወሰን በመሆኑ አሽከርካሪው አንዱን ረጅም መስመር ሁለት አጭር ቢያደርገው ለተመሳሳይ ኪሎ ሜትር የተሻለ ገንዘብ ያገኛል። ቁጥጥርና ቅጣት አስፈላጊ ቢሆኑም፣ የረጅሙ መስመር ታሪፍ ዳገቱንና መጨናነቁን ካላገናዘበ ማቆራረጡ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ከሥራ ወጥቶ ሁለት ጊዜ የሚከፍለውም ደመወዝተኛው ተሳፋሪ ነው።

በእጅ ያለውን መረጃ ስለመጠቀም

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የታለመ የነዳጅ ድጎማ መርሐ ግብር የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ጂፒኤስ እንዲገጥሙና ክፍያቸውን በቴሌብር እንዲፈጽሙ በቅድመ ሁኔታነት ተቀምጦ ነበር። የዚህ አሠራር ጥቅም ድጎማውን ከማድረስ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ጂፒኤስ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የክፍያ ሥርዓቱ የተቀዳውን ሊትር ይመዘግባል። ሁለቱ ሲካፈሉ የእያንዳንዱ ተሽከርካሪና የእያንዳንዱ መስመር ትክክለኛ ፍጆታ ይገኛል። በዚህም ከመሰሎቹ በእጅጉ የሚበልጥ ነዳጅ የሚወስድ ታክሲ ወደ ምርመራ ሊጠራ፣ ነዳጁ ለሌላ ዓላማ ውሎ ከሆነም ሊታወቅ ይችላል። ታሪፍ አውጪውም ከግምት ይልቅ በመስመር የተለየ ወጪን መሠረት ማድረግ ይችላል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አማራጭ ትኩረት አግኝቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር የከፍታው አየር መሳሳት አይጎዳውም፤ በመጨናነቅ ሲቆም ለመንቀሳቀሻ ኃይል አይፈጅም፤ ቁልቁለት ሲወርድም የኃይሉን ከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በአንጻሩ የግዢ ዋጋውና የባትሪው እርጅና ቋሚ ወጪውን ከፍ ያደርጉታል፤ ኃይል ለመሙላት የሚጠፋው ጊዜም እንደ ማደያ ሰልፍ ሁሉ ምልልስ ይቀንሳል። ስለዚህ ንጽጽሩ መካሄድ ያለበት በሊትርና በኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ሳይሆን፣ ሁሉም ወጪ ተደምሮ ለአንድ ተሳፋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር በሚደርሰው ድርሻ ነው።

በአጠቃላይ የነዳጅ ዋጋ በአመዛኙ ከአገር ውጪ የሚወሰን ሲሆን፣ ለኪሎ ሜትር የሚፈጀው ሊትር ግን በጋራዥ፣ በመንገድ አያያዝ፣ በተርሚናል አደረጃጀትና በባለንብረትና በአሽከርካሪ መካከል ባለው ውል ይወሰናል። እነዚህ ደግሞ በከተማ አስተዳደር፣ በትራንስፖርት ቢሮና በማኅበራት እጅ ያሉ ጉዳዮች ናቸው። ታሪፍ ወይም ድጎማ ለማሻሻል የሚቀርብ ማንኛውም ጥናት የሊትሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሊትሩን ብዛትና ከፋዩን ጭምር ለይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል።