የሚሌ ጎዳናና የዱር አህያ

የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። አራዊትን በሐይቅ ዳር ማየት የለመደ ጎብኚ ወደ ሚሌ ሲወርድ ግን የሚቀበለው ጠፍ ሜዳና ጥቁር ድንጋይ ነው። ያም ሆኖ በ1969 ዓ.ም. ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው፣ ከሚሌ እስከ ሰርዶ ያለው ምድርም የተከለለው በተለይ ለአንድ እንስሳ፣ ለዱር አህያ ሲባል ነበር። የደጋውን ሸክም ለዘመናት የተሸከመችው የቤት አህያ ዘሯ ከአፍሪቃ የዱር አህያ ነው፤ ውለታው ግን አልተቆጠረለትም። ጥይት አሳደደው፤ በግጦሽና በውሃም የቤት ከብት ቀደመው። በድርቅ ወራት ከብቱን ወደ ውሃ በነዳው አርብቶ አደር መፍረድ አይገባም።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት የአገሪቱ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ቢዞርም መተላለፊያው ያው ሚሌ ነው። በዓለም የቀረው የዱር አህያ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው፤ በእግሩ ላይ ያለውን ጥቁር ሸንተረር ያላስተዋለ የካሚዮን ሾፌር ግን ከጌታው የጠፋ የጭነት አህያ መስሎት ያልፈዋል።